ዓድዋን በጠረጴዛ ላይ፦ ከጓደኞች ጋር የታሪክ ውጊያን በትንንሽ ወታደሮች ለመጫወት የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

በጥንቱ የሀገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ያለ ተራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት፣ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከተለ ሠራዊቱን ያሰልፍ ነበር፤ ይህም የጨዋታው ክፍል ወረራ ይባል ነበር። በዚህ መመሪያ የምናየው ጨዋታ ከዚያ መንፈስ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ በሰንጠረዡ ፋንታ ኮረብታና ሸለቆ ያለው ጠረጴዛ፣ በጠጠሮቹ ፋንታ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮች፣ በምናባዊው ንጉሥ ፋንታ ደግሞ በእርግጥ የተደረገ ውጊያና በእርግጥ የኖሩ አዛዦች መኖራቸው ነው።

የዚህ ጨዋታ ሥር የፕሩሲያ የጦር መኮንኖች ከሚሠለጥኑበት የካርታ ጨዋታ ይመዘዛል። ቮን ራይስቪትስ የተባለ ወጣት መኮንን በ1824 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ደንብ ሁለቱ ወገኖች የጠላትን ቦታ ሳያዩ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጡ ነበር፤ ዳኛው ደግሞ በዳይስና በሠንጠረዥ ውጤቱን ይወስን ነበር። ዛሬ ይህ ነገር በተለይ በብሪታንያና በአሜሪካ ብዙ ሰው ቅዳሜና እሑዱን የሚያሳልፍበት መዝናኛ ሆኗል። እኔና ጓደኞቼ ስንጀምር ግን ከናፖሊዮንም ከሮማም ይልቅ ዓድዋን መረጥን። ምክንያታችን ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ውጊያው ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ብዙ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን ከምናውቀው ጋር ለማነጻጸር ቀላል ይሆንልናል ብለን ነው። ስለዚህ መመሪያው በሙሉ በዚሁ ውጊያ ላይ ተመሥርቶ ይሄዳል።

አንደኛ፦ ሰው ማሰባሰብና ወገን ማከፋፈል

ለመጀመሪያው ጨዋታ አራት ሰው ይበቃል። ሁለቱ የኢትዮጵያን ጦር ያዛሉ፣ አንዱ የጣሊያንን ጦር ይይዛል፣ አራተኛው ዳኛ ይሆናል። አምስተኛ ሰው ከተገኘ ሁለተኛ የጣሊያን ጄኔራል ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ስለ ካርታው ስናወራ ግልጽ ይሆናል። ዳኛው ደንቡን በቃሉ የያዘ ሳይሆን ትዕግሥት ያለውና ጓደኞቹ ቃሉን የሚቀበሉት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ደንብ እያየም ሊዳኝ ይችላልና።

አስቸጋሪው ጥያቄ ጣሊያንን ማን ይጫወት የሚለው ነው። በእኛ ቡድን የመጀመሪያው ቀን ማንም እጁን አላወጣም። በመጨረሻ በዕጣ ተወሰነ፤ ዕጣው የወጣበትም ጓደኛችን አመሻሹ ላይ ከሁሉም በላይ የተደሰተው ሰው ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው መስማማት ያለባችሁ ነገር አለ፦ የተሸናፊውን ወገን የያዘ ሰው ያንን ወገን የደገፈ አይደለም። የእርሱ ሥራ አዛዡ በነበረበት ጭንቅ ውስጥ ገብቶ መወሰን ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ወገን እንደምትለዋወጡ አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ቅሬታው ይቀልላል።

ሁለተኛ፦ ውጊያውን ማጥበብ

ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ዓድዋን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ያምራል፤ ግን አስሉት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማለትም ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.፣ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው ጦር 56 መድፍና ከ14,000 በላይ ተዋጊ ነበረው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ደግሞ ወደ 100,000 እንደሚደርስ በተለምዶ ይገመታል። አንድ ትንሽ ወታደር 50 ሰው ይወክላል ብንል ለኢትዮጵያ ወገን ብቻ 2,000 ቅርጽ መቀባት ሊኖርባችሁ ነው። ይህን የጀመረ አይቻለሁ፤ የጨረሰ ግን አላየሁም።

ስለዚህ ከውጊያው አንድ ክፍል ምረጡ። ባራቲየሪ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ነበር፦ በግራ አልበርቶኔ፣ በመሐል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፣ በመጠባበቂያነት ኤሌና። ትእዛዙ በሌሊት ተጉዘው ሲነጋ በተመረጡ ኮረብታዎች ላይ ጎን ለጎን እንዲሰለፉ ነበር። ነገር ግን በባራቲየሪ ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ ትክክለኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። የአልበርቶኔ መንገድ መሪዎች እውነተኛው ስፍራ ወደፊት እንደሆነ ሲነግሩት ብርጌዱን ይዞ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሄደ፤ ሌሊቱ ሲነጋም ከወገኖቹ ተነጥሎ በአባ ገሪማ አቅራቢያ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ብቻውን ተፋጠጠ። ዳቦርሚዳም በበኩሉ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ስለገባ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ተፈጠረ።

ለመጀመሪያ ጨዋታ የአልበርቶኔን ጠዋት ያህል የሚመች የለም። አራት የአስካሪ (በጣሊያን ሥር የሚዋጉ የኤርትራ ወታደሮች) ሻለቃ፣ 14 መድፍና ወደ 4,000 ሰው ነበረው። በ50 ሲካፈል 80 ቅርጽ ይሆናል፤ ለአራቱ ሻለቃ ሲከፋፈል ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 20 ይደርሳል። ለኢትዮጵያ ወገን ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 20 ቅርጽ፣ በድምሩ 120 አዘጋጁ። የተቀረው ጦር እንዴት እንደሚወከል በደንቡ ክፍል እመለስበታለሁ። በጠቅላላው 200 ቅርጽ ነው። አራት ጓደኞች ቢካፈሉት ለአንድ ሰው 50 ይደርሰዋል፤ በሳምንት አምስት የሚቀባ ሰው በ10 ሳምንት ይጨርሳል። ኅዳር መግቢያ ላይ የጀመረ ቡድን ለዓድዋ በዓል ይደርሳል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መጠን መምረጥ

የቅርጾቹ መጠን የሚነገረው በሚሊ ሜትር ነው። በብዛት የሚታዩት 28፣ 15 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰባ ሁለተኛ የሚባሉ፣ ቁመታቸው ከ20 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የፕላስቲክ ወታደሮች አሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። 28 ሚሊ ሜትር የፊት ገጽታና የለምድ ጠርዝ ሳይቀር የሚታይበት ስለሆነ መቀባት ለሚወድ ሰው ደስ ይላል፤ ግን ቦታ ይበላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። 6 ሚሊ ሜትር ትልቅ ጦር በጥቂት ገንዘብ ያሰልፋል፤ ሆኖም ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያዩት ራስ አልታየ፣ ጋሻ አልታየ። እኔ ለዚህ ውጊያ 15 ሚሊ ሜትርን እመክራለሁ። አራት ቅርጽ 4 በ3 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ መቆሚያ ላይ ይለጠፋል፤ አምስት መቆሚያ አንድ ክፍል ይሆናል፤ ክፍሉ በአንድ መስመር ሲሰለፍ 20 ሳንቲ ሜትር ይይዛል።

ውጭ አገር የምትኖሩ በመዝናኛ ዕቃ መደብርም ሆነ በኢንተርኔት ልታገኙ ትችላላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ግን ዘመድ ሲመጣ ማስላክ ሊኖርባችሁ ስለሚችል አስቡበት፦ ከብረት የተሠሩት ቅርጾች ሻንጣ ውስጥ ክብደታቸው ቀላል አይደለም፣ የፕላስቲኮቹ ግን ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ብር ሳታወጡ በወረቀት ወታደር ተጫወቱ። በወፍራም ካርቶን ላይ 4 በ3 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ቆርጣችሁ «የአልበርቶኔ 6ኛ ሻለቃ» ወይም «የወሎ ፈረሰኛ» ብላችሁ ጻፉባቸው። ደንቡ ይሠራ እንደሆነ፣ ጓደኞቻችሁም በእርግጥ ይወዱት እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው። የእኛ የመጀመሪያ አራት ጨዋታዎች በካርቶን ነበሩ፤ ከአምስታችን አንዱ ያን ጊዜ ተሰናበተ፣ ምንም ገንዘብም አልከሰረም።

አራተኛ፦ ቀለም መቀባት

ይህን ክፍል አትፍሩት። በጠረጴዛ ላይ ያለ ወታደር የሚታየው ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው፤ በዚያ ርቀት ዓይን የሚለየው ሦስት ወይም አራት ቀለም ብቻ ነው።

በቅድሚያ ቅርጹን በለብታ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ከፋብሪካ የሚመጣ ቅባት ቀለም አያስይዝምና። የተረፈውን ጠርዝ በከተር ጫፍ ፋቁ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ አምስት አምስቱን በአንድ የእንጨት ቁራጭ ላይ ለጥፋችሁ መነሻ ቀለም ቀቡ። ለኢትዮጵያ ተዋጊ ቡናማ መነሻ ቀለም ተጠቀሙ፤ ሰውነቱም ጥላውም በአንድ ጊዜ ይገኛልና። ቀጥሎ ነጩን ሸማና ሱሪ ቀቡ፤ ንጹሕ ነጭ ግን አታድርጉት። ሳምንታት በጉዞ ያሳለፈ ጦር ልብሱ አቧራ የጠጣ ነው፤ ነጩ ላይ ጥቂት ክሬም ወይም ፈዛዛ ቡናማ ጣል አድርጉበት። ጠመንጃውን ቡናማ፣ አፈሙዙን ጥቁር ግራጫ አድርጉ። በመጨረሻ ቡናማ ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥናችሁ በላዩ ላይ ስታፈሱበት በእጥፋቶቹ መካከል ገብቶ ይተኛና ጥላ ይፈጥራል። ሲደርቅ ከፍ ያሉትን ጠርዞች ቀለሙ በጨርቅ በተጠረገለት ደረቅ ብሩሽ ዳበስ አድርጓቸው። አንድ ቀለም ለአምስቱም ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ እንጂ አንዱን ወታደር ከራስ እስከ እግር ጨርሳችሁ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ፤ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል።

መሪዎቹን ግን በእርጋታ ቀቡ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ባለ ለምድ፣ አንዱ ጎፈር የደፋ፣ አንዱ ጋሻና ጎራዴ የያዘ ሲሆን ጭፍራው በሙሉ ሕያው ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ፦ ሁሉንም ባለ ጦርና ባለ ጋሻ አታድርጓቸው። ከምኒልክ ተዋጊዎች አብዛኛው ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ ውጅግራም ሬሚንግተንም ነበረው፣ ከጠላት የተማረከውም እንዲሁ። ፈጣን ተኳሽ የሆችኪስ መድፎችም ነበሩ። በአንዳንድ የውጭ ጨዋታዎች የኢትዮጵያ ጦር ጦር ይዞ በጅምላ የሚሮጥ ሕዝብ ሆኖ ሲቀርብ ማየት ያበሳጫል፤ ታሪኩም እንደዚያ አልነበረም። ለአስካሪዎቹ ነጭ ልብስና ቀይ ታርቡሽ ቀቡ፤ ሻለቃዎቹን በጠረጴዛው ላይ ለመለየት የመታጠቂያቸውን ቀለም ለያዩ።

ሁሉም ሲደርቅ የሚከላከል ደብዛዛ ቫርኒሽ ይነፋበታል። ይህን በነሐሴ ዝናብ አትሞክሩት። እርጥበት ባለው አየር የተነፋ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ እኔ በአንድ ከሰዓት 40 ወታደር በጭጋግ የተሸፈነ አድርጌ ለሁለት ሳምንት ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ከረሙ። ፀሐያማና ነፋስ የሌለው ረፋድ ጠብቁ።

አምስተኛ፦ ሜዳውን መሥራት

180 በ120 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ይበቃል። የምግብ ጠረጴዛ ካነሰ ኮምፔርሳቶ ከላዩ አኑሩበት፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ኮረብታውን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም በቢላ እየቀረጻችሁ ሥሩት፤ ወታደር ቆሞበት እንዳይወድቅ እንደ እርከን ደረጃ ያለው ይሁን። ኮላ ቀብታችሁ አሸዋ ነስንሱበት፣ ሲደርቅ ቡናማ፣ ከላዩ በደረቅ ብሩሽ የገለባ ቀለም ቀቡት። የካቲት በጋ ስለሆነ ለምለም አረንጓዴ ሜዳ አይሁን። ለሣርና ለቁጥቋጦ ሰጋቱራ በቀለም ነክራችሁ አድርቁና ተጠቀሙ። ኮምፔርሳቶና ሰጋቱራ ሁለቱም ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት መሆናቸውን ያስተዋለው ዳኛችን ነው፤ የዓድዋን ሜዳ በእነርሱ መሥራታችን እስካሁን ያስቀናል ይላል፣ ማንን እንደሚያስቀና ግን አይናገርም።

በመሐሉ የእንዳ ኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ፣ በኢትዮጵያ ወገን ጠርዝ የአባ ገሪማን ከፍታ፣ በጣሊያን ወገን ጠርዝ ወደ አሪሞንዲ የሚመልሰውን ሸለቆ አኑሩ። ጥቂት ድንጋያማ ስፍራዎችን በክር ክበብ ምልክት አድርጉባቸው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ወታደር ከለላ አለው።

ስድስተኛ፦ ደንቡ

ተዘጋጅተው የሚሸጡ ደንቦች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከ100 ገጽ በላይ ስለሆኑ ለጀማሪ አይመቹም። እኛ የምንጠቀምበት በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነው፤ ወስዳችሁ እንደ ፍላጎታችሁ ለውጡት።

እያንዳንዱ ዙር የውጊያውን ግማሽ ሰዓት ይወክላል። ውጊያው በዚህ ግንባር ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለቆየ ጨዋታው 9 ዙር ነው። በየዙሩ መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቃል ትእዛዝ በወረቀት ይጽፋሉ፦ ሂድ፣ ቁም፣ ተኩስ ወይም ግባ። ወረቀቶቹ በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ፤ የሰንጠረዡ ወረራ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ እንቅስቃሴ ይደረጋል፦ እግረኛ 15፣ ፈረሰኛ 25፣ መድፍ 8 ሳንቲ ሜትር፤ ዳገት ላይ በግማሽ።

በተኩስ ጊዜ እያንዳንዱ መቆሚያ አንድ ዳይስ ይጥላል። ዒላማው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከሆነ 4 እና ከዚያ በላይ፣ ከ20 እስከ 40 ከሆነ 5 እና ከዚያ በላይ ይመታል፤ ከለላ ውስጥ ላለ ዒላማ የሚያስፈልገው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። መድፍ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ሁለት ዳይስ ይጥላል፣ በ5 ይመታል። ሁለት ምት አንድ መቆሚያ ያስወግዳል። በዚህ ስሌት ሙሉ ሻለቃ በቅርብ ርቀት በአማካይ ሁለት ተኩል ምት ያገኛል፤ ከሩቅ ግን ከሁለት ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተኮሰ ሳይሆን አስጠግቶ የተኮሰ ይጠቀማል፤ የማስጠጋት ድፍረቱን ግን ማግኘት አለበት።

ሁለት ክፍሎች ከተነካኩ የጨበጣ ውጊያ ይሆናል። እያንዳንዱ መቆሚያ አንድ ዳይስ ጥሎ በ4 ይመታል፤ ከከፍታ ወርዶ የገባ፣ ወይም ጎራዴ መዝዞ በመጀመሪያው ዙር የገባ የኢትዮጵያ ክፍል በ3 ይመታል። ያነሰ የመታ ወገን 15 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውጊያ የሚፈታው ሰው ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልብ ሲከዳ ነው። በዙሩ ውስጥ መቆሚያ ያጣ ክፍል ሁለት ዳይስ ይጣልለት፤ ድምሩ ከ5 ላይ እስካሁን ያጣቸው መቆሚያዎች ተደምረው የሚገኘውን ቁጥር ካልደረሰ ክፍሉ ይሸሻል። አንድ ያጣ 6፣ ሁለት ያጣ 7፣ ሦስት ያጣ 8 ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከ36 የዳይስ አጣጣሎች መካከል 26ቱ፣ 21ዱና 15ቱ በቅደም ተከተል ያድኑታል። ሁለተኛውን መቆሚያ ከማጣት በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ይህን ያህል መሆኑን የተረዳ ተጫዋች ክፍሎቹን በጊዜ መቀየር ይማራል። አዛዡ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካለ አንድ ይደመርለታል። እኛ ለእቴጌ ጣይቱ ለብቻዋ መቆሚያ አዘጋጅተናል፤ ውኃ ለተዋጊው እንዲደርስ ማድረጓና የሚያመነታውን ማበረታታቷ የሚታወስ ስለሆነ፣ በአጠገቧ ያለ የሸሸ ክፍል በቀጣዩ ዙር በነጻ ይሰበሰባል።

አዛዥ ከወደቀ ሌላ ይተካዋል፤ በዕለቱ ፊታውራሪ ገበየሁ ወድቀው ባልቻ በመድፉ ስማቸው እንደገነነ ሁሉ። ለዚህም አንድ ዙር ትእዛዝ አልባ መሆን ይበቃል።

የኢትዮጵያ ጦር ብዛት የሚወከለው ደግሞ እንዲህ ነው። አራት መቆሚያ ያጣ የኢትዮጵያ ክፍል ከጠረጴዛው ይነሣና ከሁለት ዙር በኋላ ሙሉ ሆኖ በራሱ ጠርዝ ይመለሳል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ስድስቱ ክፍሎች ሦስት ሦስት ጊዜ ሲታዩ 18,000 ሰው ያህል በዚህ ግንባር ተፈራረቀ ማለት ነው። 120 ቅርጽ ብቻ ቀብታችሁ አልበርቶኔን የሚጫወተው ሰው ማለቂያ የሌለው ጦር የመጣበት ያህል ይሰማዋል።

ሰባተኛ፦ የተሳሳተው ካርታ

ደንቡ እስካሁን ባለው ብቻ ቢቀር ጥሩ የዳይስ ጨዋታ ይወጣዋል፤ ዓድዋ ግን አይሆንም። አልበርቶኔ ወደፊት የሄደው ከስፍራው ስምና ከካርታው አለመስማማት የተነሣ ነው፤ የሚጫወተው ሰው ግን መጨረሻውን ስለሚያውቅ በመጀመሪያው ዙር ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል። ይህን የሚፈታው ዳኛው ነው።

ዳኛው የኮረብታዎቹን ስም በሙሉ ለውጦ ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለያየ ንድፍ ካርታ ይላክ። በአንዱ ጣሊያናዊ ካርታ ላይ መድረሻው የቅርቡ ኮረብታ ይሁን፤ በሌላው ላይ የሩቁ። ሁለቱ የጣሊያን ተጫዋቾች በተለያየ ክፍል ተቀምጠው በወረቀት ብቻ ይላላኩ፤ ወረቀቱም ከሁለት ዙር በኋላ ይድረስ። አምስተኛ ሰው ይኑር ያልኩት ለዚህ ነው። አሪሞንዲ «የት ነህ?» ብሎ ሲጽፍና መልሱ ከአንድ ሰዓት የውጊያ ጊዜ በኋላ ሲደርሰው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር የትኛውም ዳይስ አያመጣውም። ወንድሙን ስልክ ለመደወል የሞከረ ጓደኛ ስላለን ስልኮቹን ዳኛው ይሰብስብ።

ለኢትዮጵያ ወገንም መረጃው ሙሉ አይሁን። በታሪኩ ባሻ አውዓሎም ጣሊያኖችን በሐሰት ወሬ እንዳሳሳቱ ይነገራል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ከጨዋታው በፊት አንድ የሐሰት ወሬ ጽፈው ለዳኛው ይስጡ፣ ዳኛውም ከሁለት እውነተኛ ወሬዎች ጋር ቀላቅሎ ለጣሊያኑ ያንብብለት። በአንጻሩ ጠረጴዛው ላይ የጣሊያን ክፍሎች እስኪታዩ ድረስ በባዶ ካርቶን ይወከሉ፤ ከካርቶኖቹ ሁለቱ ከሥራቸው ምንም የሌላቸው ይሁኑ።

አሸናፊውን የምትወስኑትም በዚሁ መንፈስ ነው። የአልበርቶኔ ተጫዋች ብርጌዱን ይዞ ኮረብታውን እስከ 9ኛው ዙር እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ በእውነቱ ብርጌዱ ተበትኖ ጄኔራሉ ተማርኳል። ከ20 መቆሚያዎቹ ስምንቱን በሸለቆው በኩል ካወጣ አሸንፏል በሉ። የኢትዮጵያ ወገን ደግሞ መድፎቹን ከ6ኛው ዙር በፊት ከማረከ ሙሉ ድል ያግኝ፤ የቀረው ጦር ወደ አሪሞንዲ ለመዞር ጊዜ ያስፈልገዋልና።

ስምንተኛ፦ የጨዋታው ቀን

ሜዳውን በዋዜማው አሰናዱ። ጠዋት ላይ መሥራት የጀመሩ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ገና ኮረብታ ሲያስተካክሉ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ 9 ዙሩን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ሜትር፣ ቢያንስ 12 ዳይስ፣ ለምት ምልክት የሚሆኑ የሽንብራ ፍሬዎች፣ የትእዛዝ ወረቀትና እርሳስ ቀድሞ ይዘጋጅ። ዳይስ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጣል፤ ከኮረብታ ላይ ተንከባሎ ግማሽ ሻለቃ የሚጥል ዳይስ ጠብ ያስነሣል። ቡናው በሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ስኒ በወታደሮቹ መካከል የሚያኖር እንግዳ የግድ ይመጣል፤ በትሕትና አንሡለት።

ክርክር ሲነሣ ዳኛው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወስን፤ ካልቻለ ዳይስ ይጣልና ጨዋታው ይቀጥል፣ ጥያቄውም በወረቀት ተጽፎ ለማታ ይቆይ። ወታደሮቹን ስታነሡ ሁልጊዜ መቆሚያቸውን ያዙ፤ ጠመንጃው ወይም ራሱ ከተያዘ ቀለሙ በሦስት ጨዋታ ይላጣል። ለማስቀመጥ ከታች ቀጭን ቆርቆሮ የተነጠፈበት የጫማ ካርቶን ውሰዱ፣ በየመቆሚያው ሥር ትንሽ ማግኔት ለጥፉ፤ ታክሲ ውስጥ ቢገለበጥ እንኳ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ጨዋታው እንዳለቀ፣ ሰው ሳይበተን፣ ሁሉም ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ይዘርጋ፤ ዳኛውም የተላላኩትን ወረቀቶች በደረሱበት ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ ያንብብ። በእኛ ሁለተኛ ጨዋታ አልበርቶኔ በ3ኛው ዙር «ኪዳነ ምሕረት ደርሻለሁ፣ በቀኜ ማንም የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። አሪሞንዲ በ5ኛው ዙር አንብቦት፣ በራሱ ካርታ ያለውን ኮረብታ አይቶ፣ «እኔም እዚያው ነኝ» ብሎ መለሰለት።